ጀርባው በወርቅ ያጌጠ ምላጭ

አንድ ፀጉር ላጪ ነበረ። ይርዳው፣ ጥያቄህን ሸሽቼ ወደ ተረት የገባሁ እንዳይመስልህ። «ልጄ ጎረቤታችንን ሰደበ። ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ ስለው እንቢ አለኝ፤ ብቆጣው ባሰበት። ቁጣዬን ላጥብቅ ወይስ ልተወው?» ብለኸኛል። ነገሩ የልጅ ነገር ነው። በችኮላ መልሼ እንዳላሳስትህ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር፣ አንተም ቀስ ብለህ ስማኝ።

የዚያን ላጪ እጅ ሁሉ ያደንቅ ነበር። የተኛ ሰው ቢላጭ አይቀሰቅስም ይባልለታል። ምላጭ ሲስል ደግሞ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያየው ነበር። ምላጩን መሳያ ድንጋዩ ላይ ያስተኛዋል፤ ወፍራሙ ጀርባና ቀጭኑ ስለት አብረው ድንጋዩን ይነካሉ። ሳይጫነው ይገፋዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይመልሰዋል። ድንጋዩ ከስለቱ ጥቂት ሲወስድ ከጀርባውም ጥቂት ይወስዳል። ይህን ልብ በልልኝ፤ ሁለቱ አብረው ስለሚያልቁ ምላጩ ዓመት በዓመት እየሳሳ ቢሄድም ቅርጹ አይበላሽም።

በዚያው ከተማ አንድ ባለጸጋ ነበረ። ከአባቱ የወረሰው ምላጭ ጀርባው ላይ በወርቅ የተለበጠ ሐረግ ነበረበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል። ይህን ምላጭ ለላጪው ሲሰጠው እንዲህ አለው፦

«ስለቱን ሳልልኝ፤ ወርቁን ግን ድንጋይ እንዳይነካው። ከነካው ከደጄ አትድረስ።»

ላጪው ፈራ። ባለጸጋው ያባረረውን ሰው ሌላውም አያስገባውም ነበርና። እንጀራው ነው፣ ምን ያድርግ? ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርጎ ስለቱን ብቻ ይስል ጀመር። መጀመሪያ ላይ ምላጩ እንዲያውም ከድሮው ፈጥኖ ተሳለ። ነገር ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለ እጅ አንድ ቀን ከፍ ይላል፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ጀርባው ድንጋዩ ላይ ካላረፈ ስለቱን የሚመራው የለም። እየቆየ የስለቱ ጫፍ እንደ ባቄላ ጎን ዱልዱም ሆነ። ወርቁ ያበራል፤ ስለቱ ግን ፀጉሩን መቁረጥ ትቶ ይነጭ ጀመር።

«ምን ሆነሃል? እጅህ አረጀ እንዴ?» አለው ባለጸጋው አንድ ማለዳ፣ ጉንጩን በጨርቅ ይዞ።

«እጄስ ደህና ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ ያረጀው ፊቴ ነው በለኛ!»

ላጪው አንገቱን ደፍቶ ምላጩን አጠበ።

ባለጸጋው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ልጅ ሳትወልድ ብዙ ቆይታ፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ወንድ ወለደች። የሕፃኑ የመጀመሪያ ፀጉር የሚላጭበት ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። በዚያ ቤት የልጅ የመጀመሪያ ፀጉር የሚላጨው በአባቶች ምላጭ ነው። እናቲቱ የተኛውን ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች። ላጪው የሕፃኑን ራስ በለብ ያለ ውሃ አራሰ። ባለጸጋው ምላጩን አውጥቶ ሰጠው።

ላጪው ምላጩን ይዞ ቆመ። ከእጁ በታች እንደ በሰለ ፍሬ የለሰለሰ ራስ አለ፤ አናቱ ገና አልጠነከረም፣ ትር ትር ይላል። ያን ጊዜ ምላጩን ወደ ራሱ አዞረና የገዛ አገጩን ላጨበት። ደም ወጣ።

«በዚህ ሕፃን አልነካም» አለ።

«ሰው ሁሉ ተሰብስቦ?» አለ ባለጸጋው። «ከደጄ ትቀራለህ!»

«እቀራለሁ።»

እናቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ስባ የልጇን ራስ ሸፈነች።

ባለጸጋው የተሸፈነውን ራስ አየ። የላጪውን አገጭ አየ። ከዚያም እጁን ዘረጋና «ድንጋይህን አምጣ» አለ። መሬት ላይ ተቀመጠ። ምላጩን ራሱ ይዞ፣ ጀርባውንም ስለቱንም ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ገፋው። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቢጫ መስመር ወጣ። የአባቱ ወርቅ ነው። እጁ ቆም አለ፤ ከዚያ ገለበጠውና መልሶ ሳበው።

«አይጫኑት ጌታዬ» አለው ላጪው፣ ከጎኑ ተንበርክኮ። «ክብደቱ ይበቃዋል።»

ረጅም ሰዓት ሳለ። ሲደክመው ላጪው ተቀበለው፣ ዱልዱሙ ሁሉ እስኪጠፋ። በመጨረሻ ላጪው ምላጩን በቁራጭ ቆዳ ላይ አሸው፤ የገዛ ክንዱን ፀጉር ላጨበት፤ ፀጉሩ ረገፈ፣ ደም የለም። ያን ጊዜ እናቲቱ ነጠላዋን ገለጠች። ላጪው ቁንጮውን አስቀርቶ ጨረሰ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ እናቲቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሕፃኑ እንደተኛ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ባለጸጋው ለእንግዳ የሚያሳየው ወርቁን አይደለም፤ ወርቁ የነበረበትን ቦታ ነው። ላጪውም ከደጁ አልቀረም። ስለ እንጀራው ፈርቶ ሳለ ስለ ሕፃኑ የደፈረውን ላጪ አደንቃለሁ። ያንን ባለጸጋ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የበለጠ አደንቃለሁ። ሰው ፊት መሬት ተቀምጦ የገዛ ጌጡን መፋቅ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ይርዳው፣ ስለቱ ልጅህ ነው። ጀርባው አንተ ነህ። ድንጋዩ «ይቅርታ ጠይቅ» ያልኸው ቃል ነው። አትሳሳትብኝ፤ ድንጋዩን ጣለው አላልሁም፤ ድንጋይ ያልነካው ምላጭም ይደንዛል። እኔ የምለው፣ አንተ ከፍ ብለህ ልጁን ብቻ እየፈገፈግኸው ነው። ከወንድምህ ጋር በአባታችሁ አጥር ከተጣላችሁ ወዲህ እግርህ ደጁን ረግጧል? ልጅህ ይህን የማያይ ይመስልሃል? «ታላቅ ነኝ፣ እሱ ይምጣ» እንደምትል አውቃለሁ። ወርቅህ ይኸው ታላቅነትህ ነው።

አሁን ወደ ቤትህ ስትሄድ ልጅህን አትቆጣው። «ና፣ አጎትህ ቤት እንሂድ» በለው፤ ለምን እንደሆነ አታብራራለት። እዚያ ስትደርሱ አንኳኪውም ይቅርታ ጠያቂውም አንተ ሁን። ልጁ ከኋላህ ይቁም፤ ወርቅህ ድንጋዩ ላይ ሲቀር ይይ።