አያ ውጦና የስንቅነሽ ኩራዝ

ተረት ተረት። ላሟ ገብታለች፣ በረቱም ተዘግቷል፤ እናንተ ጠጋ ጠጋ በሉ። የፈራ ልጅ አጠገቡ ያለውን ልጅ እጅ ይያዝ።

በድሮ ጊዜ፣ ጭራቆች ከተማ መግባት በለመዱበት ዘመን፣ ወገግታ የምትባል ከተማ ነበረች። መብራቷ ከሩቅ ወንዝ በሽቦ ተስቦ ይመጣላታል። መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ሰዉ ሲመሽ ገል ይዞ ጎረቤት ይሄድና «እሳት ልጭር» ይል ነበር። ፍሙንም ወሬውንም ይዞ ይመለሳል። መብራት ሲገባ ግን ገሉ ተጣለ፣ አጥሩ ከፍ አለ፣ በሩም ቆርቆሮ ሆነ። ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በሳሉ ብቻ ሆነ።

ይህን አንድ ጭራቅ አየ። ስሙ አያ ውጦ ይባላል። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ያክላል፣ አፉ የዋሻ በር ነው፣ ጋቢው ከሰል የመሰለ ጥቁር። አንድ ምሽት፣ ገና ራት ሳይቀርብ፣ ሽቦውን እንደ ፓስታ ስብ አደረገና የከተማዋን መብራት ዋጠው። ጭልም። ከዚያ ጋቢውን በየመስኮቱ ጋረደ፣ አፉንም ወደየበሩ ቀዳዳ አስጠግቶ እንዲህ አለ፦

«የጠፋው የናንተ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አብርቶ ራቱን እየበላ ነው። ዝም በሉ፣ በሩንም ዝጉ።»

ሰዉም አመነው። «የኛ ብቻ ከሆነማ ወጥተን ምን እንላለን? ይስቁብናል» እያለ በሩን ቀረቀረ። አንድ በር በተቀረቀረ ቁጥር አያ ውጦ አንድ ክንድ ይረዝማል። ሁሉም በር ሲዘጋለት ከተማዋን በአንድ ጉርሻ ሊውጣት ነው።

ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው ገደል አፋፍ ላይ ባለች ቤት ስንቅነሽ የምትባል ልጅ ከእናቷ ከእታገኝ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ እህል ሊያመጣ ሩቅ አገር ሄዷል። መብራቱ ሲጠፋ እናቷን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እማማ ድንቄ ደግሞ የሚኖሩት ከገደሉ ማዶ፣ ከድልድዩ ወዲያ ነው።

«ስንቅዬ» አለች እታገኝ፣ የአልጋውን እግር ጨብጣ። «በዚህ ጨለማ ብቻዬን አልችለውም። እማማ ድንቄ ካልደረሱልኝ እኔም፣ የሚወለደውም...» አልጨረሰችውም።

ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ድምፅ «እህ፣ እህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከቲማቲም ጣሳ የተሠራ፣ ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ኩራዝ ነው።

«ይኸው ስንት ዘመን አቧራ ስቅም ከርሜ ዛሬ ፈለጋችሁኝ» አለ።

«ማን ፈለገህ? ራስህ ነህ የተናገርከው» አለች ስንቅነሽ።

«አፈኛ ነሽ። ደግ፣ ዛሬ አፍ ያስፈልጋል። ክር የለኝም፣ ላምባ የለኝም፣ እሳት የለኝም። እንደዚሁ ይዘሽኝ ውጪ። ጭራቁ ከማን ጋር ነሽ ሲልሽ ብቻዬን ነኝ እንዳትዪ። ብቻዬን ነኝ ያለውን ሰው ሳያኝክ ነው የሚውጠው።»

ስንቅነሽ ኩራዟን አቅፋ ወጣች። ጨለማው ፊቷን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሸፈናት። ከኋላዋ ድብ፣ ድብ፣ ድብ።

«ሰው ሰው ይሸተኛል» አለ አያ ውጦ ከላይ። «ስንቅነሽ፣ ስንቅነሽ፣ በጨለማው ከማን ጋር ነሽ?»

«ከኩራዜ ጋር ነኝ።»

«ክር የሌለው፣ ላምባ የሌለው፣ እሳት የሌለው ጣሳ» ብሎ ሳቀባት። «የጠፋው የናንተ ብቻ ነው። ተመለሺ።»

አልተመለሰችም። ሮጣ ያገኘችውን የመጀመሪያ በር ደበደበች። የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ትርፌ ቤት ነው።

«የናንተም ጠፍቷል?»

ከውስጥ በሹክሹክታ፦ «እንዴ፣ የናንተም ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል እትዬ ትርፌ።»

በሩ ተከፈተ። «እኔ ደግሞ የኔ ብቻ መስሎኝ፣ በመርፌ ጣቴን እየወጋሁ ትንፍሽ ሳልል ተቀምጫለሁ» አለች እትዬ ትርፌ። ነገሩን ስትሰማ የጥጥ ክር ገምዳ በኩራዙ አፍ ከተተችና ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። ያን ጊዜ አያ ውጦ አንድ ክንድ አጠረ። ማጠሩ አናደደው። ድብ፣ ድብ፣ ድብ።

«ስንቅነሽ፣ ስንቅነሽ፣ በጨለማው ከማን ጋር ነሽ?»

«ከኩራዜና ከእትዬ ትርፌ ጋር ነኝ።»

«ላምባ የሌለው፣ እሳት የሌለው ጣሳ፣ ከአንዲት መርፌ ጋር» ብሎ ጥርሱን አፋጨ። «የጠፋው የናንተ ብቻ ነው። ተመለሱ።»

አልተመለሱም። ሁለተኛው በር የጋሽ ገላግሌ ነው። ጋሽ ገላግሌና እትዬ ትርፌ በአጥር ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል።

«የናንተም ጠፍቷል?»

ከውስጥ፦ «ጠፍቷል። የልብስ ሰፊዋስ?»

«የኔም ጠፍቷል» አለች እትዬ ትርፌ ራሷ።

«እሰይ» አሉ ጋሽ ገላግሌ። ወዲያው አፈሩ። «ማለቴ፣ እንኳን የኔ ብቻ አልሆነ።» በሩን ሲከፍቱ አንድ ጠርሙስ ታቅፈዋል። «ላምባ ነበረኝ። ክር የለኝ፣ እሳት የለኝ፣ ምን ላድርገው?»

«ሰው ላምባ ታቅፎ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል?» አለች እትዬ ትርፌ።

«አንቺስ ክርሽን ታቅፈሽ አልነበር?»

ኩራዙ «ስትጣሉ ቀስ ብላችሁ አጠጡኝ» አላቸው። አጠጡት። አያ ውጦ አሁንም አንድ ክንድ አጠረ፤ ግን በጣም ቀረበ። ትንፋሹ የስንቅነሽን ማጅራት አሞቀው፣ ጥፍሩ ሹሩባዋን ነካ።

«ስንቅነሽ፣ ስንቅነሽ፣ በጨለማው ከማን ጋር ነሽ?»

እትዬ ትርፌ በአንድ በኩል፣ ጋሽ ገላግሌ በሌላ በኩል እጇን ያዙ።

«ከኩራዜ፣ ከእትዬ ትርፌና ከጋሽ ገላግሌ ጋር ነኝ።»

«እሳት የሌለው ጣሳ፣ ከሁለት ኩርፈኞች ጋር። የጠፋው የናንተ ብቻ ነው። ተመለሱ።»

አልተመለሱም። ሦስተኛው በር የዳቦ ጋጋሪው የወርዶፋ ነው።

«የናንተም ጠፍቷል?»

«የናንተም?» አለ ወርዶፋ በሩን ገርበብ አድርጎ። «ምድጃዬ ውስጥ ፍም ሞልቷል። ግን ቦግ ካለ ጎረቤት አይቶ መብራት ቆረጡበት ይለኛል ብዬ አመድ አለበስኩት።»

ስንቅነሽም ድሮ ሰዉ እንደሚለው «እሳት ልጭር» አለችው።

ወርዶፋ አመዱን ገለጠና ኩራዙን ለኮሰላት። ቦግ። ብርሃኗ የባቄላ ፍሬ ያህል ናት፤ ግን የአያ ውጦን ጋቢ በሳችው። በዚያች ቀዳዳ አንድ ቤት ሌላውን ቤት አየ። «የናንተም ጠፍቷል?» አለ አንዱ በአጥሩ ላይ። «የኛም» አለ ሌላው። «የናንተስ?» «የኛም።» ድምፁ ከበር ወደ በር፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ወረደ። ሻማ ያለው ሻማውን፣ ፋኖስ ያለው ፋኖሱን፣ ምንም የሌለው ክንዱን ይዞ ወጣ።

አያ ውጦ እያጠረ ሮጠና ድልድዩ ላይ ተቀመጠ። አሁንም ትልቅ በር ያክላል።

«ማዶ ያሉት ሁሉ አብርተዋል» አለ። «እናንተን ማን ያውቃችኋል?»

ስንቅነሽ ኩራዟን ከፍ አድርጋ በገደሉ ላይ ጮኸች። «ማዶዎች፣ የናንተም ጠፍቷል?»

ከገደሉ ሥር የሚፈሰው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከኋላ፣ ከአፋፉ ቤት፣ የእታገኝ የምጥ ድምፅ መጣ።

ከዚያ ከማዶ አንድ ሰው መለሰ። «የኛም ጠፍቷል። ማነሽ አንቺ?»

«የእታገኝ ልጅ ነኝ። እናቴን ምጥ ይዟታል። እማማ ድንቄን ጥሩልኝ።»

«የእታገኝ ምጥ ነው አሉ» አለ አንዱ። «እማማ ድንቄን ጥሩ አሉ» አለ ቀጣዩ። ቃሉ በጨለማው ውስጥ ቤት እየለቀመ ዳገቱን ወጣ። ብዙም አልቆየ፣ እማማ ድንቄ መቀሳቸውን በነጠላ ቋጥረው፣ ሰፈራቸውን በሙሉ በፋኖስ አስከትለው ድልድዩ ላይ ደረሱ።

አያ ውጦ ወደዚህ ዞሮ «የጠፋው የናንተ ብቻ ነው» አለ። ወደዚያም ዞሮ «የጠፋው የናንተ ብቻ ነው» አለ። የወዲህም የወዲያም ሰው ሳቀበት። ፍየል አከለ። ድመት አከለ። ጡጫ አከለ።

«ዞር በል አንተ፣ ሥራ አለብኝ» አሉት እማማ ድንቄ።

የዋጠው መብራት ለዚያች ሆድ በዛባት። ትፍ አለው። ከዚያ በሳንቃው ስንጥቅ ሾልኮ ከሥር ውሃው ውስጥ ወደቀና እንቁራሪት ዋጠችው። እሷንም አልጣማትም ይባላል።

መብራቱ ግን ደንግጦ ስለነበር ወዲያው አልተመለሰም። የጠበቀውም አልነበረም። እትዬ ትርፌ ንጹሕ ጨርቅ ቀደደች፣ ወርዶፋ በፍሙ ውሃ አፈላ፣ ጋሽ ገላግሌ ላምባ እያዞሩ ሞሉ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ አልጋውን ከበቡ። ስንቅነሽም ክንዷ እስኪዝል ኩራዟን ከእማማ ድንቄ ትከሻ በላይ ያዘች። አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፣ ጨለማውን በለቅሶዋ ሞላችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት እታገኝን፤ እልልታው ገደሉን ተሻገረ፣ ማዶም ተቀበለው።

ልጅቷ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ጡት ይዛ ሳለ መብራቱ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጥፋተኛ፣ በሽቦው ተመልሶ መጣ። የሰፈሩ ልጆች «መጣ» እያሉ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዝም በሉ፣ ሕፃኗ ልትተኛ ነው» አሏቸው እማማ ድንቄ። ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፣ በሩ ላይ የተጨናነቀውንም ሰው አዩት። «አንተ ሳትመጣ ጨርሰናል» አሉት አምፖሉን።

ተረቴን ተቀበሉኝ። ዳቦ ካላችሁ ለጎረቤት ቁረሱና የተረፈውን ለአፌ አምጡልኝ።