አንዴ ብቻ የሚጋብዘው አጋፋሪ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም «እሺ» እያላችሁ ተቀበሉኝ። ዝም ብሎ የሚሰማኝ ሰው ያናድደኛል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ ዕቃም ሲከፋው አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ መስክ ላይ ትልቅ ትርኢት ይደረግ ነበር። ክረምት ወጥቶ እህል እሸት ሲሆን ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣል። ንብ ማሯን ታመጣለች። በሬ ያረሰውን በቆሎ ያመጣል። አህያ የዥዋዥዌውን ገመድና ሳንቃ ተሸክማ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ መብላት ነው፣ መጠጣት ነው፣ መጫወት ነው! በጎች በግንባር ይጋጠማሉ። ፍየሎች ማን ቀድሞ ቋጥኙ ጫፍ እንደሚደርስ ይወዳደራሉ። ጃርት እሾኋን ወርውራ ዱባ ትመታለች፤ ስትስት ደግሞ ተመልካቹ ይሸሻል። ከሁሉም የሚወደደው ግን ዥዋዥዌው ነበር። ከረጅም ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ የተቀመጠበትም ሽቅብ ወጥቶ ከጋራው ማዶ ያለውን አገር ያያል።

በዚያ ዓመት እመት ኤሊም ለትርኢቱ ተነሳች። እመት ኤሊ አርጅታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሆዷ ከመሬት ተነስቶ አያውቅም። ያየችው ነገር ቢኖር የሣር ሥርና የሌላው ተረከዝ ነው። «ከመሞቴ በፊት አንዴ ዥዋዥዌ ላይ ወጥቼ አገሬን ከላይ ልያት። ለከርሞ ጉልበቴ አያደርሰኝም» አለች። ጭቃው ሳይደርቅ ጉዞ ጀመረች። ሌላው ሁሉ እየሮጠ አለፋት፤ እሷ ግን ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደችና በትርኢቱ ዕለት ደረሰች።

ትርኢት ያለ አጋፋሪ አይሆንም። እንግዳ የሚቀበል፣ ቦታ የሚያሲዝ፣ «ብሉ፣ ጠጡ» የሚል ያስፈልጋል። አያ ዝንጀሮን ሾሙት። ምን ይዞ መጣ ብትሉኝ፣ ምንም! ባዶ እጁን! አንዲት ፍሬ እንኳ ይዞ አልመጣም። ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሾሙት።

የዚያ አገር ጨዋ ደግሞ ልክ እንደኛው ነው። ብላ ሲሉት «ኧረ በቃኝ» ይላል። ሲደግሙት «ኧረ አይሆንም» ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲሉት ነው «እንግዲህ እርስዎን ላላስቀይም» ብሎ እጁን የሚዘረጋው። ይህን ጡት ያልጣለ ጥጃ እንኳ ያውቃል። አያ ዝንጀሮም ያውቃል። አሳምሮ ያውቃል!

እመት ኤሊ እንደ ደረሰች ዝንጀሮ መስኩ ዳር ከተቀመጠችው ገንቦ በዋንጫ ብርዝ ቀድቶ መጣ። ብርዝ ማለት ንብ ባመጣችው ማር የተበጠበጠ ውሃ ነው።

«እመት ኤሊ፣ እንኳን ደህና መጡ! ብርዝ ይጠጡ» አላት።

ምላሷ ደርቆ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል። ቢሆንም ጨዋ ናትና «ኧረ በቃኝ፣ አይቸገሩ» አለች።

«በቃኝ ብለዋል!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ። «ሰምታችኋል! እኔ እንግዳ አላስገድድም!» ዋንጫውን አንስቶ ራሱ ጭልጥ አደረገው።

ኤሊ ደነገጠች። ግን ምን ትበል? አንዴ በቃኝ ብላለች።

ገንቦዋ ግን አላስቻላትም። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እኔ የተሞላሁት ለአንድ ጉሮሮ ነው?» አለች።

«አትስሟት፣ አየር ገብቶባት ነው የምታጉረመርመው» አለ ዝንጀሮ። ሁሉም ሳቁ። የተጠሙት ሳይቀሩ ሳቁ! እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ቀረበ። ሽታው መስኩን ሞላው።

«አያ በሬ፣ ይብሉ» አለ ዝንጀሮ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አለ በሬ።

«ይቅደሙ ብለዋል!» ብሎ ዝንጀሮ ቀደመ። ቀድሞም አልቀረ፣ እሱው ጨረሰው። ከዚያ ሌላ እሸት አንስቶ ወደ ኤሊ ዞረ።

«እመት ኤሊ፣ ይቅመሱ።»

ኤሊ ከብርዙ ትማራለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ይሉኝታ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«በልተዋል! እሰየው!» አለና ዝንጀሮ እሸቱን እስከ ቆረቆንዳው ጋጠው። ከዚያ ጢሙን እየጠረገ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ። በገዛ አፉ! እነሱ ፊት!

እንዲህ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ማር ያመጣችው ንብ ማር ሳትቀምስ ቀረች። በቆሎ ያመጣው በሬ ምራቁን ዋጠ። አህያ አንድ ጊዜ «ይቆየኝ» ብትል «ይቆየኝ ብላለች!» ተብሎ ድርሻዋ ወደ ዝንጀሮ ሆድ ገባ። ምግብ በሞላበት መስክ ላይ ሁሉም ርቦት፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ፣ ሁሉም «ኧረ ጠግበናል» እየተባባለ ዋለ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ፀሐይ ስትጠልቅ ገመዱ ይፈታል፤ ትርኢቱም ያበቃል። እመት ኤሊ ቀስ እያለች ዥዋዥዌው ሥር ደረሰች። አያ ዝንጀሮ ሆዱን እያሻሸ እዚያው ቆሟል።

«እመት ኤሊ፣ ዥዋዥዌ አይወጡም?» አላት።

ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዚህች ጥያቄ ነው። አፏ ግን በለመደው ሄደ። «ኧረ እኔ አሮጊቷ! ምን ይሁን ብዬ!» አለች። ዓይኗ ግን ሳንቃው ላይ ተተክሎ ነበር። ደግ አጋፋሪ ቢሆን ዓይኗን አይቶ «በሞቴ!» ይላት ነበር።

«አልወጣም ብለዋል!» ብሎ ዝንጀሮ ዘሎ ተቀመጠበት።

ገመዱ ሲጥ አለ። «አያ ዝንጀሮ፣ የስንቱን ድርሻ ይዘው ነው የተቀመጡብኝ?» ብሎ ጮኸ።

ዝንጀሮ አልሰማውም። አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ። ፀሐይም ዝቅ አለች። እመት ኤሊ ወደ ላይ አየችው፤ ወደ ፀሐይዋም አየች። ከዚያ ከቅርፊቷ ውስጥ አንገቷን እስከ መጨረሻው አወጣችና፦

«እፈልጋለሁ!» አለች።

ሊጋጠሙ የተንደረደሩት በጎች መሀል ላይ ቆሙ።

«ምን አሉ?» አለ ዝንጀሮ።

«እፈልጋለሁ አልኩህ! ጠምቶኝ ነበር፣ ርቦኝም ነበር፤ ዥዋዥዌውንም እፈልጋለሁ። ውረድ!»

አንተ አለችው! አጋፋሪውን፣ በአደባባይ፣ አንተ! ቆቅ በክንፏ ፊቷን ሸፈነች። «ኧረ እመት ኤሊ፣ ነውር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች።

«ዝንብስ አይገባም» አለች ኤሊ። «እህልስ በየት በኩል ይግባ?»

ዝንጀሮ ከላይ ሆኖ ተቆጣ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ብሉ አልኩ፤ በቃን አላችሁ። ጠጡ አልኩ፤ አይሆንም አላችሁ። ይኸው ምስክሬ ሕዝቡ ነው!»

«እናትህ ቤት እንግዳ ሲመጣ ስንት ጊዜ ነው የምትለምነው?» አለች ኤሊ።

ዝንጀሮ ገመዱን ጨብጦ ፊቱን አዞረ። እናቱን አገር ያውቃታል፤ እንግዳ እምቢ ሲላት እንባ እየተናነቃት የምታጎርስ ሴት ናት።

«እንግዲያው ደንቡ አልጠፋህም» አለች ኤሊ። «ይሉኝታችንን ነው ሰንጋ አድርገህ ያረድከው!»

ያን ጊዜ በሬ አገሳ። «እኔም ርቦኛል! ያረስኩት እኔ ነኝ!» አለ።

«እኔም ጠምቶኛል!» አለች አህያ።

«ማሩ የኔ ነው፤ ጣዕሙን ግን ዛሬ አላየሁትም!» አለች ንብ።

«እኔም አልኳችሁ፤ ሳቃችሁብኝ!» አለች ገንቦዋ።

«እኔም በቃኝ! የኔ በቃኝ ግን የእውነት ነው!» አለ ገመዱ። ተጠማዘዘና ዝንጀሮን ድንጋይ ላይ በመቀመጫው አፈረጠው። እስከ ዛሬ ድረስ የዝንጀሮ መቀመጫ ፀጉር ያላበቀለው ለዚህ ነው።

በሬ ጎንበስ ብሎ ኤሊን በአፍንጫው ሳንቃው ላይ አወጣት። አህያ «እመት ኤሊ፣ ልግፋዎት?» አለቻት።

«ኧረ አትድከ...» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከሰች። «ግፊኝ!» አለች።

አህያ ገፋቻት። በመጀመሪያው የአህያን ፊት አየች፤ እስከዚያ ቀን ኮቴዋን ብቻ ነበር የምታውቀው። በሁለተኛው የዛፉን ጫፍ አየች። በሦስተኛው ዓይኗ ከጋራው ማዶ አለፈና የመጣችበትን ወንዝ አየች፤ እንደ ክር ቀጥኖ ከሩቅ ያበራል።

«ያን ሁሉ የመጣሁት እኔ ነኝ?» አለች። አለቀሰች። ማንም «አይዞዎት» አላላትም፤ ለቅሶው የደስታ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ከዚያ ፀሐይ ጠለቀች፤ ገመዱ ተፈታ። ብርዙና እሸቱ ግን አልተመለሱም። የተበላ ተበልቷል። እመት ኤሊ የዚያን ዕለት ጠብታ ብርዝ ሳትቀምስ ተኛች፤ እኔም ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በሚቀጥለው ዓመት አጋፋሪ ሲሾም ሕዝቡ አዲስ ምክር አወጣ፤ ልጆችም በቃላቸው ያዙት። «አንዴ ብቻ ብላ ያለህ ለራሱ አፍ ፈቃድ ጠይቋል። አንተም ሲርብህ ርቦኛል በል፤ በቃኝ እያለ የሞተን እንግዳ ማንም ጨዋ ብሎ አይቀብረውም።»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። አሁን አፌን የማብስበት ዳቦ ልታመጡልኝ ነው አይደል? ኧረ በቃኝ፣ አትቸገሩ... ምነው ዝም አላችሁ? በሞቴ በሉኝ እንጂ!