አልቀላ ያለው መዝገብ

ይህ ተረት ላም የለውም፤ ኮምፒውተር አለው። ከኮምፒውተሩ ፊት የክትባት ነርሷ ሲስተር አልጣሽ ተቀምጣለች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ቀይ ቀለም። በጤና ጣቢያው መዝገብ ዘጠኝ ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ሕፃን ስሙ መቅላት ነበረበት። ጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል። መዝገቡ ላይ አራት መቶ ሕፃናት አሉ፤ አንዱም አልቀላም። አልጣሽ የማንን በር እንደምታንኳኳ አላወቀችም፤ ፈርታለች።

ቀዩን ብራ ብትለው፣ ዕድሜ የሚያሰላው ቀመር ሳያዘኝ አልበራም አላት። ቀመሩ አያዝ፣ ቀዩ አይበራ፣ አልጣሽ በር አታንኳኳ።

ቀመሩን ከፍታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቅንፉም ምልክቱም ቦታው ላይ ነው። ቀመሩ ተቆጣ። እኔ ልደቱን ከዛሬው ቀን ጋር አስተያያለሁ፤ የልደት ሣጥኑ ቀን ካልሰጠኝ ምን ብዬ ልዘዝ አለ። ሣጥኑ ቀን አይሰጥ፣ ቀመሩ አያዝ፣ ቀዩ አይበራ፣ አልጣሽ በር አታንኳኳ።

የልደት ሣጥኑ ግን ግድም አልሰጠው። እኔ ቀን መቁጠር ትቻለሁ፤ የመዝገብ ሠራተኛው ደርሶልኝ ከቀን ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦኛል፤ ሰኔ ብትጽፊብኝም ሽሮ ብትጽፊብኝም ለእኔ ያው ነው አላት። ደርሶልኝ ሣጥኑን አይመልስ፣ ሣጥኑ ቀን አይሰጥ፣ ቀመሩ አያዝ፣ ቀዩ አይበራ፣ አልጣሽ በር አታንኳኳ።

ደርሶልኝን ብትጠይቀው ሳይደብቅ ነገራት። ባለፈው ወር የሕፃናቱን ልደት ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ፣ እያንዳንዱን ወደ ፈረንጅ ቀን እየለወጠ ነበር። ሩፋኤል የሚባል ሕፃን ጋ ሲደርስ ቆመ፤ የተወለደው ጳጉሜ ሦስት ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፈው መለወጫ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበረው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቢጽፍ ሣጥኑ እንቢ አለ። እናትየው ሽታዬ ዘንድ ደውሎ፣ መስከረም አንድ እናድርገው ቢላት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሱም የሁሉንም ልደት የሚይዘውን ሣጥን ጽሑፍ አድርጎ ተገላገለ።

«አሁን ወደ ቀን ብመልሰው የልጁን ልደት ያጠፋብኛል» አለ።

ሽታዬ ቀኑን አትለውጥ፣ ደርሶልኝ ሣጥኑን አይመልስ፣ ሣጥኑ ቀን አይሰጥ፣ ቀመሩ አያዝ፣ ቀዩ አይበራ፣ አልጣሽ በር አታንኳኳ። አንድ በር ግን አሁን ታወቀ፤ የሽታዬ። አልጣሽ ሄዳ አንኳኳች።

ሽታዬ ልጇን አዝላ ልብስ ታሰጣለች። የመጣችበትን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«የሩፋኤል ለት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው የወለድኩት። ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። መስከረም አንድ የዓመቱ ልደት ነው፤ የልጄ ጳጉሜ ሦስት ነው፣ ሲስተር።»

አልጣሽ አልተከራከረችም። ቀኑን ማንም እንደማይነካው ነግራት፣ ስትወልድ ከሆስፒታል የሰጧትን ወረቀት ጠየቀቻት። ሽታዬ ከሻንጣ ሥር አወጣችው። ጳጉሜ 3 ይላል፤ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል ሴፕቴምበር 8 ይላል። አልጣሽ ለደርሶልኝ ደወለችና አነበበችለት።

ሽታዬ ወረቀቱን ሰጠች፣ ደርሶልኝ ሣጥኑን መለሰ፣ ሣጥኑ ቀን ሰጠ፣ ቀመሩ አዘዘ፣ ቀዩ በራ። ዐሥራ ሰባት ስም ቀላ። ጳጉሜ ሦስትም ለብቻዋ በተሠራላት ሣጥን እንዳለች ተቀመጠች።

«ስሞቹን ንገረኝ» አለችው አልጣሽ ስልኩን ሳትዘጋ።

ደርሶልኝ ከላይ ጀምሮ አነበበላት። «የመጀመሪያው ሩፋኤል ነው።»

አልጣሽ ደነገጠች። ሽታዬ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን የልብስ ማስጫውን ገመድ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። በቀጠሮው ለት ትኩሳት ይዞት መልሰውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። ሽታዬ የልጇ ስም መቅላቱንና ኩፍኝ መቅረቡን ከአልጣሽ ስትሰማ የያዘችውን ልብስ ባልዲው ውስጥ ጥላ ነጠላዋን አነሣች።

ጤና ጣቢያው ደረሱ። ሩፋኤል ተወጋ፣ ጮኸ፣ ጡት ሲሰጡት ዝም አለ። ደርሶልኝ ቀኑን ሲጽፍ የልጁ ስም ወደ ጥቁር ተመለሰ። አልጣሽም የቀሩትን ዐሥራ ስድስት ስሞች ወረቀት ላይ ይዛ በር ልታንኳኳ ወጣች።