የምንጩ ለቅሶ

እኛ ሰፈር ሰው ለጋራ ሥራ ተጠርቶ «እኔ ብቀርስ ምን ይጎድላል?» ብሎ ሲለግም፣ አንዱ ጎረቤት አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ሰውዬውም ሳቅ ይልና አካፋውን አንስቶ ይወጣል። ልጆቻችን አባባሏን ያውቋታል፤ ከየት መጣች ሲባሉ ግን ጣራ ጣራ ያያሉ። እኔ ስትወለድ ነበርኩ። «ቆመህ ታይ ነበር እንጂ መች ቆፈርክ?» የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው።

ከተማችን ቆላ ናት። የቧንቧ ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል፤ ሲመጣም አስም እንዳለበት ሽማግሌ ብዙ ካፏጨ በኋላ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ይሄዳል። ሰፈራችንን ያኖረው ከቀዩ ኮረብታ ግርጌ የሚፈልቅ አንድ ምንጭ ነበር። እኛ ደግሞ የኮረብታውን ዛፍ ለማገዶ፣ ለአጥር፣ ለድንኳን ካስማ እያልን ጨረስነው። ዝናቡ የሚይዘው ሲያጣ፣ ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ቁልቁል እየተምዘገዘገ ግቢያችንን በደለል ሞልቶ አሸዋ ውስጥ ይጠፋ ጀመር። ምንጩ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አንድ ሚያዝያ ላይ ጨርሶ ደረቀ።

ከሁላችንም የባሰባቸው እትዬ ዘርፌ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደጉት የሰው ልብስ አጥበው ነው። ውሃ ከሌለ ምን ይጠባል? በስተርጅና ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ወንድማቸው ወዳለበት አገር ሊሄዱ ቆረጡ።

መላ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ሰናይት የምትባል የግብርና ባለሙያ፣ «ኮረብታውን አግድም አግድም ቦይ ብትቆፍሩለት፣ ዝናቡ እዚያው ይሰርጋል፤ ምንጫችሁም ሊመለስ ይችላል» ብላን ነበር። ለሥራው ቀን ቆርጣ ማስታወቂያ ለጠፈች። ሰባት ሰው መጣ፤ ሁለቱ መንገድ ተሳስተው ነው።

በግንቦት መጀመሪያ እድራችን ሲሰበሰብ እትዬ ዘርፌ ብድግ አሉ።

«ስሜን ሰርዙልኝ። ልሄድ ነው።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማንያዘዋል የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባቡር ከሐዲዱ ይወጣል እንጂ እሳቸው ከደንብ አይወጡም። መዝገቡን ገለጡና፣ «ምክንያት?» አሉ።

«ምንጩ ሞተ። በምን ልጠብ? በምራቄ?»

ያን ጊዜ ጥሩንባ ነፊው እሸቴ ከበሩ አጠገብ፣ «ጋሼ፣ ለምን ጥሩንባ አልነፋም? ለማስታወቂያ የማይወጣ ሰው ለጥሩንባ ይወጣል» አለ።

«ጥሩንባ የሚነፋው ለሞተ ብቻ ነው። አንቀጽ አራት።»

«ሞተ እያልኩዎት እኮ ነው!» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«የእድሩ አባል ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት ሼህ ጁሀር ብቻ ነበሩ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ማንያዘዋልን እንኳ አንተ ይሏቸዋል።

«ማንያዘዋል፣ የተወለድክ ለት በማን ውሃ ታጠብክ?»

«በ... በዚሁ በምንጩ።»

«እናትህን የቀበርን ለት ለቀስተኛው የማንን ውሃ ጠጣ?»

ጋሽ ማንያዘዋል ዓይናቸውን ወደ መዝገቡ መለሱ።

«እንግዲያው ካንተ በፊት አባል ነው። ጻፍ።»

ጋሽ ማንያዘዋል መነጽራቸውን ጠረጉና ብዕራቸውን አነሡ።

«የሟች ስም?»

«ምንጭ» አልን።

«የአባት ስም?»

«ኮረብታ!»

የእውነት ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው እትዬ ዘርፌን አዩአቸው። «አንቺን ሐዘንተኛ ብዬ መዝግቤሻለሁ። ሐዘንተኛ ደግሞ ሙት ዓመት ሳያወጣ አገር ጥሎ አይሄድም። ደንብ ነው።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እሸቴ ጥሩንባውን ነፋ። «የሰፈራችን ምንጭ አርፏል! ቀብሩ ኮረብታው ላይ ነው! ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ!»

ነገሩን ያልሰማችው ጎረቤቴ የሺመቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያለቀሰች ወጣች። መንገድ ላይ ስንነግራት እንባዋን ጠረገችና፣ «አንዴ ከወጣሁማ አልመለስም። እንባዬስ በከንቱ ይቅር?» ብላ ከኔ እጅ አካፋውን ነጠቀችኝ። እኔም አልታገልኳትም።

ሁለት መቶ ሰው ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። ሰናይት ገመድ እየዘረጋች ቦዩ የሚያልፍበትን አሳየችን፤ መቃብር መቆፈር የለመደ እጅ ቦይ አያቅተውም። ለቅሶ ሦስት ቀን ነውና ሦስት ቀን ቆፈርን። ሰኔ ላይ አርባውን ስናወጣ በየቦዩ ዳር ወይራና ግራር ተከልን። ከብት ወደ ኮረብታው እንዳይወጣም ተማማልን።

በዚያ ክረምት ቀዩ ጎርፍ ሰፈራችን ሳይገባ ቀረ። ምንጩ ግን አልመጣም። በሙት ዓመቱ ተሰብስበን የተደረመሰውን ቦይ ጠገንን፤ የደረቀውን ችግኝ ተካን። ሲመሽ እትዬ ዘርፌ ዶማቸውን አስቀመጡ።

«ሙት ዓመቱ ወጣ። አሁንስ ልሂድ?»

ጋሽ ማንያዘዋል መዝገብ አልገለጡም። «ደንቡ ይፈቅዳል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን እለምንሻለሁ፤ አንድ ክረምት ጨምሪልን።»

ሲለምኑ ሰምተናቸው አናውቅም። እትዬ ዘርፌም አያውቁም ኖሯል፣ እሺ አሉ።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እትዬ ዘርፌ በምንጩ አጠገብ ሲያልፉ ጫማቸው ረጠበ። ተንበርክከው ጭቃውን በእጃቸው ጫሩት። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ቆይቶ ጠራ። እልልታቸውን ሰምተን ስንደርስ ፊታቸው በጭቃና በእንባ ተለውሷል። እሳቸው ግን ሳይቀምሱ በጣሳ እየቀዱ፣ «ጠጡ፤ እግዜር ይስጣችሁ፤ መጀመሪያ የቆፈራችሁ ጠጡ» እያሉ ያድሉን ጀመር። እኔ ጋ ሲደርሱ ጥቂት አሰቡና፣ «አንተም ጠጣ፤ ቆመህም ቢሆን አልቀረህም» አሉኝ። እንደዚያን ቀን ያለ ውሃ ዳግመኛ አልጠጣሁም።

እትዬ ዘርፌ የሸከፉትን ፈትተው ማጠባቸውን ቀጠሉ። ምንጩ ተመለሰ መባሉን የሰሙ የማዶ ሰፈር ሰዎችም አንድ ቀን መጡ። ታጥቦ የተሰጣውን ልብስ፣ የሚወርደውን ውሃ፣ የለመለመውን ኮረብታ እያዩ፣ «እናንተ ዕድለኞች፣ ይህን የሠራላችሁ የትኛው ድርጅት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሼህ ጁሀር እትዬ ዘርፌ ከሰጧቸው ጣሳ ጎንጨት አሉና፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጢማቸውን ጠርገው እንዲህ አሏቸው፦ «ለቀብር የወጣ እድር፣ ምንጭ ይዞ ገባ ሰፈር።»