የጉርጥ ጀርባ መድኃኒት

ከእናንተ በፊት፣ ከእኔም በፊት፣ እንስሳት ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ ይሰማ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ረግረግ ዳር ዳለቻ የምትባል በግ ነበረች። ሁለት ግልገሎቿን የሆድ ትል ጨርሶባታል። የቀራት አንድ ነው፤ እሱም ሆዱ ተነፍቶ፣ አገጩ ሥር ውሃ ቋጥሮ ተኝቷል።

ወደ ንብ ሄደች። «እመት ንብ፣ መርዝሽ ትል ይገድላል አሉ።»

«ይገድላል። አንዴ ከነደፍኩ ግን እኔም ሟች ነኝ። ላንቺ ልጅ ብዬ ልሙት?»

ወደ እባብ ሄደች። «አያ እባብ፣ መርዝህ ትል ይገድላል አሉ።»

«ይገድላል። ግልገልሽንም አብሮ። ይሁን ካልሽ አምጪው።»

ወደ ጉርጥ ሄደች። መንጋው ኪንታሮታም እያለ በሰኮናው የሚገፋት ጉርጥ ናት።

«እመት ጉርጥ፣ ልጄን አድኚልኝ።»

«ዛሬ እመት ተባልኩ?» አለች ጉርጥ። «ይሁን፤ ልጁ ምን አጠፋ። ሦስት ቀን ታመጪዋለሽ። መድኃኒት ከታየ ይረክሳልና ፊትሽን አዙሪ።»

ዳለቻ ፊቷን አዞረች። እናቷም አያቷም መድኃኒት ሲሰጥ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ግልገሉ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ትል እየተጠቀለለ ወጣለት፤ ጠባ። «እማ፣ በሣር ጫፍ ከጀርባዋ ነጭ ነገር እኮ ነው ያላሰችኝ» አላት።

ያን ዕለት አውራው በግ ሳቀባት። «ጉርጥ ደጅ ትጠኛለሽ አሉ። ምን ልትሰጥሽ፣ ኪንታሮት?»

ንቀቱ ከነከናት። «ልጄን እያዳነችልኝ ነው። የጀርባዋ ወተት ነው መድኃኒቱ» አለች።

በመንጋው ውስጥ ትል የሌለበት ሆድ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ጉርጥን ከበቧት።

«ቆዩ፣ ልኩን ልንገራችሁ» አለች።

«ስትደብቂ ኖረሽ ዛሬ ልክ ታወሪያለሽ?» አለ አውራው። ረገጣትና ላሰ። ሌላውም ረገጠ፣ ላሰ። ዳለቻም የልጇ ድርሻ እንዳያልቅ ብላ ተጋፋች። ሰኮናዋ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ምን እንደሆነ እያወቀች አላነሳችውም።

እኩለ ቀን ሳይሆን አውራው አረፋ ደፍቆ ሞተ። አብዝተው የላሱት ተከተሉት። ጉርጥም ተረግጣ ሞታ ነበርና ለግልገሉ አንድ ጠብታ አልተገኘም።

በግልገሉ ሆድ ውስጥ የተረፉት ትሎች ይነጋገሩ ነበር።

«ልትጨርሰን ነበር እኮ።»

«ያለቀው አለቀ። እኛ ለመድነው።»

ዳለቻ ጆሮዋን ሆዱ ላይ አድርጋ ሰማቻቸው። በስምንተኛው ቀን ዝም አሉ፤ የሚበላ አልቀረምና።

እንግዲህ የሰማችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፦ መድኃኒቱን ሁሉም አወቀው። ልኩን ግን አንዷ ደበቀችው፣ ሌሎቹም አንሰማም አሉ። ግልገሉን የቀበረው ይኸው ነው።