ገንፎ አልጎርስም ያለችው የባሕር ዓሣ

ተረቴ መጣች፣ ጨው ነስንሳ መጣች። «ትምጣ!» በሉ እንጂ! ዝም ብሎ ለተጎለተ ሰው ተረት አልጀምርም።

«ትምጣ!»

እሺ፣ አሁን ሆነ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጅቡቲ ተድራ የምትኖር። ስንዱ አረገዘች፣ መውለጃዋም ተቃረበ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው እናት ቤት ነውና ጓዟን አስቀድማ በባቡር ላከች። ከጓዙ ጋር የመስታወት ገንዳ መጣ፣ የባሕር ውሃ በጀሪካን መጣ፣ አንዲት ቢጫ ዓሣም በላስቲክ ውስጥ ሆና መጣች። ዕቃውን ያመጣው ሰውዬ ገንዳውን ሳሎን ተከለው፣ አረፋ የሚያስነሳውን ሞተር ሰካ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ስንዱ ደወለች። «እማ፣ ከነፍሴ የምወዳት ዓሣ ናት፣ እስክመጣ አደራሽን። ምግቧን አብሬ ልኬልሻለሁ። ውሃዋን ብቻ እንዳትነኪባት።»

አብሮ የተላከው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ሣጥን ሐላዋ፣ አንድ እስር የደረቀ አረንጓዴ ሣር። እትዬ ትርንጎ አሰቡ። ሐላዋ ይበላል፣ ሣር ይጎዘጎዛል፣ ይኼ ምን ማሰብ ይፈልጋል? እንግዳ መጣ ብለው ሣሩን ከገንዳው ሥር ወለሉ ላይ ጎዘጎዙት። ሐላዋውን ቆረስ አድርገው ገንዳው ውስጥ ጣሉላት። ዓሣዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ጨዋ ናት፣ ጣፋጭ አታበዛም» አሉ እትዬ ትርንጎ። ሐላዋውን በጭልፋ አወጡና ጣታቸውን ላሱ። «ውይ! ጨው በዝቶበታል! ታዲያ ይኼን እየጠጣች አፏ በምን ይከፈታል?» ከዚያ አራስ ቤት ልትኖር የመጣችን ፍጥረት የሚያበረታው ምን እንደሆነ ትዝ አላቸው። ገንፎ! በለጋ ቅቤ፣ በበርበሬ አድርገው ሠሩና ጠቅልለው ውሃው ውስጥ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደዱ።

«አፈር ስሆን! በሞቴ! በስንዱ ሞት!»

ዓሣዋ አፏን ገጠመች። እሳቸው ገና የመጀመሪያውን ሳትጎርስ «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ዓሣዋ ከድንጋዩ ጀርባ ገብታ ተሸሸገች።

ገንፎው በጠዋት ይገባል፣ ማታ በጭልፋ ይወጣል። ዓሣዋ ከሳች። ጎኗ ሰረጎደ። እትዬ ትርንጎም ፍርሃት ገባቸው። «‘ዓሣ ማኖር ያቃታት እናት አራስ ታኖራለች ወይ?’ ብለው የባሏ እናት ልጄን እዚያው ጅቡቲ ቢያስቀሩብኝስ? የልጅ ልጄ በሰው አገር ሊወለድ ነው!»

«ደውለው ስንዱን አይጠይቋትም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እናት ስለ ምግብ ልጇን ስትጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመጠየቅ ድመት መለመን ቀለላቸው። ወደ ድመቷ ሄዱ።

«እመት ድመት፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች። እስቲ ትጎርስ እንደሆነ አስፈራሪልኝ።»

«አላስፈራራም» አለች ድመቷ ጢሟን እየጠረገች። «ማታ ማታ ከገንዳው የሚያወጡትን ገንፎ ማን የሚበላው ይመስልዎታል? እሷ እምቢ ባለች ቁጥር እኔ እወፍራለሁ።»

እትዬ ትርንጎ ተናደዱና ወደ ውሻው ሄዱ። «አያ ውሻ፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች፣ ድመቷ ዓሣ አላስፈራራም አለች። እስቲ ድመቷን አባርርልኝ።»

«አላባርርም» አለ ውሻው። «ድመቷ ገንፎውን ብቻዋን የጨረሰችው መሰለዎት? እኩል ነው የተካፈልነው። ከአንድ ሳህን አብረውት የበሉት አይባረርም።»

አያችሁልኝ? የሚበላውም የሚያገሳውም ሌላ፣ የምትከሳው ሌላ። እትዬ ትርንጎ ከበር ላይ ወደቆመው ባጃጅ ሄዱ። ባለባጃጁ ሚፍታ ይባላል፤ እግሩን በመሪው ላይ ሰቅሎ ያንኮራፋል።

«ሚፍታዬ፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች፣ ድመቷ ዓሣ አላስፈራራም አለች፣ ውሻው ድመት አላባርርም አለ። እስቲ ውሻው ላይ ጡሩምባህን ንፋልኝ።»

«አልነፋም፣ እትዬ» አለ ሚፍታ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ውሻው ቀን ቀን ከባጃጄ ሥር ነው የሚተኛው። የድሬን ሙቀት እኔና እሱ ነን የምናውቀው። ጥላ የተጋራሁት ጓደኛዬን አላስደነግጥም።»

እትዬ ትርንጎ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ አደባባዩ ሄዱ። እዚያ ትራፊክ የሚያስተናብሩ ሃምሳ አለቃ ደቻሳ አሉ፤ ነጭ ጓንት አድርገው አየሩን የሚቆርጡ ሰው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች፣ ድመቷ ዓሣ አላስፈራራም አለች፣ ውሻው ድመት አላባርርም አለ፣ ሚፍታ ውሻ ላይ አልነፋም አለ። እስቲ ሚፍታን ቅጡልኝ።»

«በምን ጥፋት?»

«ጡሩምባ ባለመንፋት!»

ሃምሳ አለቃው ትንሽ አሰቡ። ጥፋቱን አላጡትም። «ቢሆንም አልቀጣም» አሉ። «ሚፍታ እኮ ሚዜዬ ነው! የሠርጌ ዕለት ጫማዬን ማሰር ሲያቅተኝ ተንበርክኮ ያሰረልኝ ሰው ነው።»

ይህን ጊዜ ሌላ ሴት ብትሆን ቤቷ ትገባ ነበር። እትዬ ትርንጎ ግን ወደ ሃምሳ አለቃው እናት፣ ወደ እማማ ሎሚ ቤት ገሠገሡ።

«እማማ ሎሚ፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች፣ ድመቷ ዓሣ አላስፈራራም አለች፣ ውሻው ድመት አላባርርም አለ፣ ሚፍታ ውሻ ላይ አልነፋም አለ፣ ሃምሳ አለቃው ሚፍታን አልቀጣም አሉ። እስቲ ልጅዎን ይቆጡልኝ።»

«አልቆጣም» አሉ እማማ ሎሚ። «ዩኒፎርም ለብሷላ! እኔ ስቆጣው ይኮማተራል። እሱ ሲኮማተር ዩኒፎርሙ ይጨማደዳል። የሚተኩሰው ማን ሆነና?»

ለዚህ መልስ አለው የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እትዬ ትርንጎም ወደ ደጅ ወጡ። ከእማማ ሎሚ አጥር ጋ አንዲት ፍየል ታስራ አዩ። ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ለመኗት።

«እመት ፍየል፣ ልጄ ደረሰች፣ ዓሣዋ ከሳች! ዓሣዋ ገንፎ አልጎርስም አለች፣ ድመቷ ዓሣ አላስፈራራም አለች፣ ውሻው ድመት አላባርርም አለ፣ ሚፍታ ውሻ ላይ አልነፋም አለ፣ ሃምሳ አለቃው ሚፍታን አልቀጣም አሉ፣ እማማ ሎሚ ሃምሳ አለቃውን አልቆጣም አሉ። እስቲ የእማማ ሎሚን ነጠላ ብዪልኝ።»

«ነጠላ?» ፍየሏ ከልቧ አዘነች። «ፍየል ያገኘችውን ትበላለች ያለዎት ማን ነው? አንዱ ካርቶን ይወረውርልኛል፣ አንዱ ፌስታል ያጎርሰኛል፣ አሁን ደግሞ ነጠላ! ከተወለድኩ ጀምሮ ‘ምን ትበያለሽ?’ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ የምወደው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ያምጡልኝና ነጠላውን ለእርስዎ ስል አኝከዋለሁ።»

በዚያ በጋ ድሬዳዋ ውስጥ አረንጓዴ ከየት ይመጣል? እትዬ ትርንጎ ሲያወጡ ሲያወርዱ ገንዳው ሥር የጎዘጎዙት ሣር ትዝ አላቸው። ሮጠው ሄደው ሁለት እፍኝ ይዘው ተመለሱ፤ አንዱን ለፍየሏ ሰጡ፣ አንዱን ያዙት።

ፍየሏ ጎረሰች። አንድ ጊዜ አኘከች። «ቱ! ቱ! ቱ! ጨው በጨው! ይኼ የባሕር ሣር እኮ ነው! የባሕር ፍጥረት እንጂ ፍየል አይበላውም። ለመሆኑ ለማን ተልኮ ነው?»

«ምግቧን አብሬ ልኬልሻለሁ» ያለችው የስንዱ ድምፅ እትዬ ትርንጎ ጆሮ ላይ አቃጨለ። ምግቡን ሲረግጡት ነው የሰነበቱት! እፍኛቸውን ጨብጠው ወደ ቤት በረሩ።

«ቢሆንም ቃል ቃል ነው፤ አረንጓዴ አምጥተዋል!» አለች ፍየሏ ከኋላቸው። አንገቷን ሰደደችና አጥሩ ላይ የተሰጣውን የእማማ ሎሚን ነጠላ ከነጥለቱ ማኘክ ጀመረች።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ፍየሏ ነጠላውን አኘከች፣ እማማ ሎሚ ብው ብለው ልጃቸውን ተቆጡ፣ ሃምሳ አለቃው ዩኒፎርማቸው ተጨማድዶ ሚፍታን ቀጡ፣ ሚፍታ በንዴት ጡሩምባውን ነፋ፣ ውሻው በርግጎ ድመቷን አባረረ፣ ድመቷ በመስኮት ገብታ ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጣችና ዓሣዋን አስፈራራች።

ዓሣዋስ? ገንፎ አልጎረሰችም! ከድንጋዩ ጀርባ ገባችና ጭራዋን ብቻ አሳየች። ያ ሁሉ ግርግር፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ከንቱ!

እትዬ ትርንጎ እያለከለኩ ደረሱ። ድመቷን በጭልፋ አባረው ገንዳው አጠገብ ተንበረከኩ። እንባቸው መጣ። በዕድሜያቸው ሙሉ «ብዪ፣ ብላ፣ በሞቴ» ሲሉ የኖሩ ሴት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ትበያለሽ?» አሉና እፍኛቸውን ከፈት አደረጉ።

ሣሩ ውሃው ላይ ወረደ፣ ራሰ፣ ተዘረጋ። ዓሣዋ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለች። ቀረብ አለች። ጫፉን ነጨት አደረገች፣ ደገመች፣ ከዚያ ማንም «አፈር ስሆን» ሳይላት እየዞረች ትነጨው ጀመር።

በዚህ መሀል ሚፍታ ከባቡር ጣቢያ አንዲት እንግዳ አምጥቶ ከበር አወረደ። ስንዱ ናት፣ ሆዷ ቀድሟት ገባ። ዓሣዋን አየች። ሣሩን አየች። የእናቷን እስከ ክንድ የራሰ እጅ አየች።

«እማ፣ ጎበዝ! ሣሯን ነው የምትሰጫት አይደል? አልፎ አልፎ የሽሪምፕ ቅንጣት ትጨምሪላታለሽ። ያውም ቶሎ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ፤ የተረፈ ነገር ውሃዋን ያበላሻል።»

«ታዲያ ሌላ ምን ልሰጣት ኖሯል?» አሉ እትዬ ትርንጎ። ድመቷ ሳል ያዛት።

እትዬ ትርንጎ እንደ ልማዳቸው ስንዱን ሊያጎርሷት ወደ ገንፎው ድስት ዞሩ፤ ግን መንገድ ላይ ቆሙ። ወደ ልጃቸው ተመለሱ። «ስንዱዬ፣ ምን ያምርሻል? ምን ልሥራልሽ?»

ስንዱ እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ገንፎ፣ እማ» አለች። «ከጅቡቲ ጀምሮ ስመኘው የመጣሁት ያንቺን ገንፎ ነው።»

እትዬ ትርንጎ እልል ብለው ድስቱን ከፈቱት። ድስቱ ባዶ ነው፤ ተልሷል። ድመቷ ውሻውን አየች፣ ውሻው ሚፍታን አየ፣ ሚፍታ ስለ ቅጣቱ ሊያጽናኑት የመጡትን ሃምሳ አለቃ አየ፣ ሃምሳ አለቃው በነጠላቸው ጉዳይ ፍየሏን እየጎተቱ የመጡትን እናታቸውን አዩ፣ እማማ ሎሚ ፍየሏን አዩ። ፍየሏ «እኔን አትዩኝ፣ እኔ ቅቤ አልበላም» አለች።

እትዬ ትርንጎ ግን አልተቆጡም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ዱቄቱን አወረዱ፤ ልጃቸው ቤታቸው ናት፣ የልጅ ልጃቸውም እዚሁ ሊወለድ ነው።

ተረቴ ጨው ናት፣ ውሃ ነክቷት ሟሟች። ለእኔ የምታጎርሱኝ ካላችሁ ግን፣ አስቀድማችሁ ምን እንደምወድ ጠይቁኝ።