ቡሬን ያስቆመችው አንዲት ቃል

ተረቴን ልጀምር፤ ያላመነኝ ወጥቶ ደመናውን ይጠይቅ።

የውብዳር የምትባል ባልቴት ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረቻት። ከቡሬ ሌላ ላም የላት፣ ከቡሬ ወተት ሌላ መተዳደሪያ የላት። ከወንዝ ማዶ አባ ሰንጋ ገብቶ ከብቱን ሲያረግፈው ጊዜ ቡሬን እየጎተተች ወረዳ ደረሰች። «አንዲት መርፌ ብቻ ጌታው፣ በሽታው ሳይሻገር» አለች።

«መዝገብ ላይ ካላየኋት አልወጋም» አለ ከታቢው። መርፌው እጁ ላይ ነው፤ ላሟ አፍንጫው ስር ናት፤ እሱ ግን ላም የሚታየው በመዝገብ ነው!

ሄደች ወደ መዝገቡ። ሣጥን ውስጥ መስሏት ነበር፤ ለካ ደመና ላይ ሰቅለውታል። «ደመናው የይለፍ ሰርተፍኬት ካላየ አይከፍትም። የእኛ ትናንት ጊዜው አለፈ» አላት ኮምፒውተር ጠባቂው ናሁሰናይ።

«አዲስ የለም ልጄ?»

«አለ እንጂ፣ ይኸው! ግን መመሪያው ‹አሮጌውን ጫን› ይላል። እስኪታረም አልጭንም።»

ከታቢው አልወጋም አለ፤ ደመናው አልከፍትም አለ፤ ናሁሰናይ አልጭንም አለ፤ ቡሬ ቆማ ትጠብቃለች።

ሄደች ወደ መመሪያ አራሚው ኮሚቴ። ዘጠኝ ሰው፣ ለአንዲት ቃል! አንዱ «‹አዲሱን› ይባል» ሲል፣ ሌላው «‹የታደሰውን› ይሻላል» ይላል፤ ሦስተኛው «‹እባክዎ› ይቅደም!» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሚስት ሲያጩ እንኳ እንዲህ አልተማከሩም።

«እናንት ሊቃውንት፣ ላሜ ትሙት?» አለች።

«እትዬ፣ ማህተም ካልመጣ ተስማምተን ምን ሊረባ?» አለ ሰብሳቢው። «ማህተሙ ያለው ጋሽ ጥላዬ ኪስ ውስጥ፣ ጋሽ ጥላዬ ያለው ለቅሶ ቤት። እስኪመጣ አንስማማም።»

ከታቢው አልወጋም አለ፤ ደመናው አልከፍትም አለ፤ ናሁሰናይ አልጭንም አለ፤ ኮሚቴው አልስማማም አለ፤ ቡሬ ቆማ ትጠብቃለች።

ሄደች ወደ ለቅሶው ድንኳን። ጋሽ ጥላዬ ኪሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ የሟቹን ነፍስ የያዘ ነው የሚመስለው።

«ለቅሶ ላይ ማህተም አይወጣም፣ ነውር ነው!» አላት።

ከታቢው አልወጋም አለ፤ ደመናው አልከፍትም አለ፤ ናሁሰናይ አልጭንም አለ፤ ኮሚቴው አልስማማም አለ፤ ማህተሙ ከኪስ አልወጣም አለ፤ ቡሬ ቆማ ትጠብቃለች።

የውብዳር ምን ታድርግ? ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከአልቃሾቹ መሀል ገባች፤ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን አወረደችው፦

«ቡሬዬን በሽታ ይገድላታል ስል፣
የጋሽ ጥላዬ ኪስ ኖሯል የሚገድል!»

አልቃሾቹ ተቀበሏት። የሟቹ ዘመዶች ሟቹን ረስተው ለቡሬ ያነቡ ጀመር። በዚያ አገር ደግሞ ስሙ ሙሾ ውስጥ የገባ ሰው ሰባት ዓመት ከሰው አፍ አይወጣም።

«በስመ አብ! ተይ እህቴ፣ በሞቴ ተይ!» አለ ጋሽ ጥላዬ፤ ጫማውን ሳያስር ተፈተለከ።

ማህተሙ ከኪስ ወጣ፤ ኮሚቴው ተስማማ፤ መመሪያው «እባክዎ የታደሰውን አዲሱን ይጫኑ» ተባለ፤ ናሁሰናይ ጫነ፤ ደመናው ከፈተ፤ ከታቢው ቡሬን መዝገብ ላይ አያት፤ ወጋት።

መርፌው የፈጀው ጊዜ? ቡሬ በጭራዋ አንዲት ዝንብ እስክታባርር።